ክብርት ጎንበስና የድንጋዩ ሰላምታ

በየቤተሰቡ አብረውት መንገድ የማይወጡት አንድ ሰው አለ። እኛ ቤት የለም ካላችሁ፣ ሰውየው እናንተ ናችሁ ማለት ነው። ይህ ሰው የሐኪም ቀጠሮ ይለፋችሁ፣ አውቶቡስ ያምልጣችሁ፣ ዝናብ ይውረድባችሁ ደንታ የለውም፤ አንድ ነገር ዓይኑን ከያዘው ቆሟል። አንዱ የመኪና ሞተር ሲፈታ ካየ ንቅንቅ አይልም። ሌላው የሚሠራ ሕንፃ ካየ ያለ ደመወዝ መሐንዲስ ነው። የእኛ ቤት ተረኛ ግን የምትቆመው ሰው ሁሉ ረግጦት ለሚያልፈው ነገር ነው።

ተረኛዋ አክስቴ ናት፤ የእናቴ ታናሽ እህት። ሙሉ ማዕረጓ «ክብርት ጎንበስ፣ የድንጋይ ሥር ባለሟል፣ የግንድ ጀርባ ልዩ አማካሪ» ሲሆን ሹመቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ከአክስቴ ጋር አብሮ የተነሳ እንቁላል ግን ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ ላባ አውጥቶ ቀድሟት ይደርሳል።

ጥፋቱ የእግሯ ሳይሆን የዓይኗ ነው። እየተጫወትን ስንሄድ ድንገት ድምጿ ይጠፋል። ዞር ስል የማየው ጀርባዋን ነው። «ቆይ እስቲ፣ አንዴ!» ትላለች ቀና ሳትል። የአክስቴን «አንዴ» በሰዓት ለክቼዋለሁ፤ አጭሩ አሥራ አራት ደቂቃ ነው።

በእርጥብ ድንጋይ፣ በዛፍ ግንድና በአሮጌ ግንብ ላይ የሚለጠፈውን ያን አረንጓዴ ነገር ታውቁታላችሁ። እናቴ ሻጋታ ትለዋለች። አክስቴ ፊት እንዲህ ማለት የሰው ስም እንደ ማጥፋት ነው።

«ሻጋታ አይደለም! ሞስ ነው። ሻጋታ የሰው ምግብ ይበላል። ይሄ ከማን ምን ወሰደ? ትንሽ ውሃና ትንሽ ብርሃን ብቻ ነው የሚፈልገው።»

ሞስ ደግሞ አንድ የቅርብ ዘመድ አለው፤ ብዙው ስስና ጠፍጣፋ ነው፤ የአንዳንዱ ቅርጽ ጉበት ስለሚመስል ጉበት ቅጠል ትለዋለች። የሁለቱን ጠባይ የምትነግራችሁ የጎረቤት ልጆች ይመስል ነው። «ሞስ ቻይ ነው፤ ቢደርቅም ይጠብቃል። ጉበት ቅጠል ግን ቅምጥል ነው፤ ትንሽ ከጠማው ጥሎ ይሄዳል።»

ኮሌጅ የተመረቅሁ ዕለት የተነሳነው የቤተሰብ ፎቶ እናቴ ሳሎን ተሰቅሏል። አባቴ አለ፣ እናቴ አለች፣ እኔ ካባዬን ለብሼ እንደ ሚኒስትር ቆሜያለሁ። ከጎኔ ያለው ግራጫ ኮረብታ የአክስቴ ጀርባ ነው። ፎቶ አንሺው ሦስት ጊዜ «እመቤት፣ ቀና ይበሉ!» ቢላት «ቆይ እስቲ፣ አንዴ!» አለችው፤ ከእግራችን ሥር ባለው ንጣፍ ስንጥቅ ውስጥ የሆነ ነገር አግኝታ ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ ቤቷ ልከንላት ነበር፤ የጓሮው ቧንቧ ጠብ ጠብ ማለት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰውየው በግማሽ ሰዓት ውስጥ መፍቻውን እንደ ያዘ እናቴ ጋ ተመልሶ መጣ። «እታለም፣ እህትዎ ደህና ናቸው?» አላት። «ቧንቧውን ልሥራ ስል፣ ከሥሩ ስድስት ነዋሪዎች አሉ፣ ውሃ አታቋርጥባቸው ብለው አባረሩኝ።»

ክብርት ጎንበስ የምትሠራው ኮሌጅ ውስጥ፣ የደረቁ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ክፍል ነው። ኃላፊም፣ ጸሐፊም፣ ጽዳትም እሷው ናት። ክፍሉ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው፤ አንድ መስኮት፣ ሁለት ግራጫ የብረት ቁም ሣጥን፣ አንድ ዓይኑ በፕላስተር የተሸፈነ ማይክሮስኮፕ፣ ጥርሷ የሰላ ወረንጦና ልብስ ሲተኮስ የምንረጭበት ዓይነት የውሃ መርጫ አለው። እንግዳ ሲመጣ የሻይ ቅጠል ፍርፋሪ የመሰለ ደረቅ ነገር ከፖስታ ታወጣና ውሃ ትረጭበታለች። ፍርፋሪው ይንቀሳቀሳል፤ ቅጠሉን አንድ በአንድ ይዘረጋል፤ አረንጓዴ ይሆናል። «ይሄን ከተራራው ያወረድኩት አንተ ሁለተኛ ክፍል እያለህ ነው» ትለኛለች። ምንም እንኳ ቀልደኛ ብሆን፣ እዚህ ላይ ቀልድ መጥቶልኝ አያውቅም።

ፖስታዎቹ ራሳቸው አንድ ወግ ናቸው። ሞስ በፕላስቲክ ከታሸገ ይበሰብሳል፣ ስለዚህ ከወረቀት በታጠፈ ትንሽ ፖስታ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። አክስቴ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ ታጥፋለች። የመብራት ደረሰኝ አጥፋለች። የስብሰባ ጥሪ አጥፋለች፤ በዚህ ምክንያት ስብሰባውም ላይ አልተገኘችም። ከሁሉ በላይ ግን የምታጥፈው እኔ በየሳምንቱ የምጽፍበትን ጋዜጣ ነው፤ በወጣ ቁጥር አራት ቅጂ ትገዛለች። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ስሰማ ደረቴ ተነፋ፤ ከዚያ ጠየቅኋት።

«አክስቴ፣ የትኛውን ጽሑፌን ነው የወደድሽው?»

«ወረቀቱ ጥሩ ነው» አለችኝ። «እርጥበት ይመጥጣል።»

በጸሐፊነት ዘመኔ ከዚህ የከበደ ሂስ አልደረሰብኝም። እኔ ደግሞ በየቤቱ፣ «ጽሑፌን ሰው ጠዋት አንብቦ ከሰዓት ይጥለዋል» እያልኩ የማለቃቅስ ሰው ነኝ።

ከከተማችን ከየትኛውም መስኮት ብታዩ የሚታይ አንድ እሳተ ገሞራ አለ። እሳት ከተፋ ብዙ ዘመኑ ነው፤ የአፉ ጠርዝ ላይ ግን ዛሬም እንፋሎት ይተነፍሳል። እኛ ልብስ እናስጣ አናስጣ ለማለት ነው የምናየው። አክስቴ ግን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ የዓመት ፈቃዷን ሳይቀር ከፍላ፣ ከእግሩ እስከ ጠርዙ ቆጥራዋለች። በየሁለት መቶ ሜትሩ ትቆማለች፤ የሽቦ አራት ማዕዘኗን መሬት ላይ ትጥላለች፤ በውስጡ ያለውን ሞስና ጉበት ቅጠል በየዓይነቱ ትለቅማለች፤ ድንጋዩን፣ ግንዱንና የበሰበሰውን እንጨት ለየብቻ። በየፖስታው ላይ ከፍታውን ትጽፋለች።

«ተራራው ፎቅ ቤት ነው» ትላለች። «ታችኛው ፎቅ ሙቀትና ድርቀት ነው፤ ልበ ደንዳኖቹ ብቻ ናቸው የሚኖሩት። ወደ ላይ ስትወጣ ተከራዩ ይበዛል። መሐል ላይ፣ ዳመናው መጥቶ የሚተኛበት ፎቅ ስትደርስ መቆሚያ የለም፤ አንዱ በአንዱ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ብርድና ነፋስ ነው፤ ፎቁ ባዶ እየሆነ ይሄዳል።»

በቁጥር ሲነገር፣ በሁለት ሺህ ሜትር አሥራ አንድ ዓይነት፣ በሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዘጠና አራት፣ ጠርዙ ላይ ዘጠኝ። «አለቀ ስትል ደግሞ» ትላለች፣ እዚህ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንፋሎቱ ከሚወጣበት ስንጥቅ ዙሪያ አሥራ አራት! በዚያ ብርድ፣ በዚያ አመድ፣ ሙቀት አግኝተው ተሰብስበዋል።» ይህን ስትናገር ልጆቿ የተመረቁላት ነው የምትመስለው።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልምጣ። ተራራው እግር ሥር፣ መንገዱ ሲጀምር፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የተጠረበ ድንጋይ ተተክሏል። አክስቴ ድንጋዩ ጋ ሳትደርስ፣ አጠገቡ ሳትንበረከክ፣ ሁለት እጇን እላዩ ላይ አድርጋ ለጥቂት ጊዜ ሳታቀረቅር ወደ ላይ አትወጣም። ምን እያደረገች እንደሆነ ሲጠይቋት «ሰላም እያልኩት ነው» ትላለች፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። እናቴ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጥታለች። «ሰውን ሰላም ሳትይ እያለፍሽ ድንጋይ ሰላም ትያለሽ?» ትላታለች።

እኔ ደግሞ ጸሐፊ ነኝና እንዲህ ያለ ነገር አግኝቼ እንዴት ዝም እላለሁ? ከአምስት ዓመት በፊት «ድንጋይ ሰላም የምትለዋ ሴትዮ» የሚል ጽሑፍ አወጣሁ። ከተማው ሳቀ። አክስቴም አራት ቅጂ ገዛች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ነገር በብዕርም እንደሚሠራ ያኔ አላወቅሁም ነበር።

ባለፈው ዓመት ኮሌጁ አዲስ ዶክተር ቀጠረ። ወጣት ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ትሑት ነው ለማለት ግን ያኔ ጊዜው አልነበረም። እጁ ላይ ያሰራት ሰዓት ሰዓቱን፣ የልቡን ምትና ያለበትን ከፍታ ትነግረዋለች። ተራራውን በሦስት ወር ውስጥ ወጥቶ ቆጥሮ ወረደ። ውጤቱም እንዲህ ሆነ፤ ሞስና ጉበት ቅጠል የሚበዙት ክብርት ጎንበስ እንደምትለው በሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሳይሆን፣ በሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሜትር ገደማ ነው።

ሁለት መቶ ሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። ግን ዶክተሩ «2,600» የሚል ፖስታ ከፍቶ፣ በውስጡ ያለውን ዓይነት በእሱ 2,600 ላይ ሄዶ አጣው። አንዱን አጣ፣ ሌላውን አጣ። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ የአሮጌዎቹ ፖስታዎች ከፍታ «የማይታመን» ነው ብሎ ጻፈ። አክስቴ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ቀርቷታል። ስትወጣ ሁለቱ ቁም ሣጥኖች ወደ ምድር ቤቱ መጋዘን እንዲወርዱ ተወሰነ። የዚያ መጋዘን ግድግዳ ውሃ ያዥጎደጉዳል፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሻጋታ አይደለም ስትልለት የኖረችው ነገር በአንድ ክረምት እውነተኛ ሻጋታ ይበላዋል።

ሐኪምም ሆነ ዳኛ ያልጠየቀኝን ልናዘዝ። የኮሌጁ ጸሐፊ እንደነገረችኝ፣ ዶክተሩ መጀመሪያ አክስቴን አክብሮ ሊጠይቃት ነበር። ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ እሷ ሲያነሳ አንዱ መምህር የእኔን ጽሑፍ ከስልኩ ላይ አነበበለት። ሳቁ። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ሰላም የምትል ሴት ምን ለክታለች ብሎ ማን ይጠይቃል? ይህን የሰማሁ ቀን ምሳ አልበላሁም።

ቁም ሣጥኖቹን ለማስረከብ የአክስቴ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ አክስቴ አልተቆጣችም። እስክሪብቶውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ዶክተር፣ እፈርማለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ቀን አብረን እንውጣ።»

«እትዬ፣ በከንቱ እንዳይደክሙ ብዬ ነው፤ ውጤቱ አይለወጥም።»

«እሱን ተራራው ይንገረን።»

እናቴ እኔንም አብሬ እንድወጣ አዘዘችኝ። «በብዕርህ ስትሸከማት ኖረሃል፤ አሁን ቦርሳዋን ተሸከምላት» አለችኝ። እናቴ መሳደብ ስትፈልግ እንዲህ ነው የምትናገረው።

ጠዋት ነው፤ ጭጋግ አለ። ድንጋዩ ጋ ደረስን። አክስቴ እንደ ልማዷ ተንበረከከች። ዶክተሩ ዓይኑን ወደ ሌላ ዞር አደረገ፤ ሰው ለሌላ ሰው ሲያፍር የሚያደርገውን ማለቴ ነው። እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቧ ጎንበስ አልኩ፤ ከአምስት ዓመት በፊት የጻፍኩበትን ነገር ከጀርባዋ እንጂ ከፊቷ አይቼው አላውቅም ነበር።

እጇ ውስጥ የቆዳ ሽፋኑ የተሰነጠቀ ክብ መሣሪያ አለ፤ የግድግዳ ሰዓት ልጅ ይመስላል። ከፍታ መለኪያ ነው። ድንጋዩ አናት ላይ፣ በሞስ ተከቦ፣ የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ 1,840። አክስቴ የመሣሪያውን ቀለበት በአውራ ጣቷ እያዞረች መርፌውን 1,840 ላይ አመጣችው።

«አስተማሪዬ ናቸው ያስለመዱኝ» አለች ቀና ሳትል። «ይሄ ዕቃ የሚመዝነው አየሩን ነው። አየር ደግሞ ጠባዩ እንደ ሰው ነው፤ ዛሬ ይከብዳል፣ ነገ ይቀላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከፍታው ከሚታወቅ ድንጋይ ጋር ማስታረቅ ነው። እሳቸው፣ ድንጋዩን ሰላም ሳትይ እንዳትወጪ ይሉኝ ነበር።» ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞር አለች። «የእርስዎዋ ስንት ትላለች?»

ዶክተሩ ሰዓቱን አየ። ክንዱን አራግፎ እንደገና አየ። እኔም አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ ሁለት ሺህ ሠላሳ ትላለች። ቆመን ካለንበት ድንጋይ አንድ መቶ ዘጠና ሜትር ከፍ ብላ፣ ብቻዋን አየር ላይ።

«ራሷን በራሷ ታስተካክላለች ተብዬ ነው የገዛኋት» አለ፣ ድምፁ ቀጭኖ።

የሰው ማሳፈሪያ እንደዚህ ተመቻችቶ ሲቀርብ እኔ ብሆን ኖሮ ተራራውን በእልልታ አስተጋባው ነበር። አክስቴ ግን እጁን ይዛ ወደ ድንጋዩ አስጠጋችው። «ና ልጄ» አለችው፤ «እርስዎ»ው እዚያ ቀረ። «የአንተ ቆጠራ ጥሩ ነው፤ አንብቤዋለሁ፣ አንድም ዓይነት አልተሳሳትክም። ሰላም ሳትለው ነው የወጣኸው፣ እሱ ብቻ ነው። በል አስተካክላት።»

ዶክተሩ ተንበረከከ። እኔ ቦርሳውን እንደ ተሸከምኩ ሁለቱን ጀርባዎች አየሁ። ኮራሁ። እንዲህ ያለ ኩራት የራሴ ጽሑፍ ሲወጣም ተሰምቶኝ አያውቅም።

ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ስንደርስ ዳመናው መጣ። ግንዱ አይታይም፤ ከላይ እስከ ታች ሞስ ለብሷል። ካጣቸው ዓይነቶች መካከል የመጀመሪያውን ያገኘው ራሱ ዶክተሩ ነው። ከዚያ ሁለተኛውን። ዝናብ ሲጀምር «እንውረድ እንጂ» ብዬ ጮህኩ። ከግንዱ ጀርባ የመጣው መልስ የአክስቴ ድምፅ አልነበረም።

«ቆይ እስቲ፣ አንዴ!» አለኝ ዶክተሩ።

ውጤቱ በኮሌጁ አዳራሽ የቀረበ ቀን እናቴ ግማሽ ሰፈር ይዛ መጣች። ዶክተሩ መድረክ ላይ ወጥቶ ጥፋቱን አልሸፋፈነም። የተራራውን ቅርጽ ግድግዳው ላይ አሳየ፤ ከእግሩ ጀምሮ እየወጣ፣ መሐሉ ላይ የሚያብጥ፣ ወደ ጠርዙ የሚቀጥን መስመር አለበት፤ ጫፉ ላይ ደግሞ እንፋሎቱ ዘንድ ትንሽ ጉብ ይላል። «ይህ መስመር የእኔ አይደለም» አለ። «ሃያ ሰባት ዓመት የፈጀ የአንዲት ሴት መስመር ነው። ቁም ሣጥኖቹም የትም አይሄዱም።» ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጎረቤታችን ወደ እናቴ ጠጋ ብላ «ይሄ ሁሉ ለሻጋታ ነው?» ብትላት፣ እናቴ ዓይኗን እየጠረገች «ሻጋታ እንዳትይው! ሞስ ነው!» ብላ አፏን አስያዘቻት።

ከዚያ ሁሉም ወደ ክብርት ጎንበስ ወንበር ዞረ። ወንበሩ ባዶ ነው። ፈልጌ ያገኘኋት ውጭ ነው፤ ከጣሪያው ውሃ የሚያወርደው አሸንዳ ሥር። ምን እንደምታደርግ አልነግራችሁም፤ ታውቃላችሁ።

ጭብጨባው ሲበርድ ክፍሏ ይዛኝ ሄደችና ከአሸንዳው ሥር የለቀመችውን እንዳስቀምጥላት ቁም ሣጥኑን አስከፈተችኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እየሳቅሁበት አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም ነበር። መሳቢያውን ሳብኩ። ስሜ። ቀጥሎ ያለው ፖስታ ላይ፣ ስሜ። ሌላ መሳቢያ ሳብኩ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ፖስታዎች ተደርድረዋል፤ ወረቀቱ ጋዜጣ በሆነበት ሁሉ የታጠፈው የእኔ ስም ከፊት እንዲወጣ ተደርጎ ነው። አራት ቅጂ የምትገዛው ለዚህ ነበር፤ ከአንድ ጋዜጣ ስሜ ያለበት አንድ ፖስታ ብቻ ነው የሚወጣው።

«እርጥበት ይመጥጣል አላልሽኝም?» አልኳት።

«ይመጥጣል እኮ» አለችኝ። «ግን ደግሞ እዚህ የገባ ወረቀት አይጣልም። እኔም አንተም ካለፍን በኋላ መቶ ዓመት ይቀመጣል። ከሰዓት ይጣላል እያልክ ስታለቅስ አልነበር?»

የመጨረሻውን መሳቢያ ሳብኩ፤ የተራራው ጠርዝ፣ የእንፋሎቱ ስንጥቅ፣ እሷ ከሁሉ በላይ የምትኮራባቸው አሥራ አራቱ። ከፊት የተቀመጠው ፖስታ ላይ ከስሜ በታች ርእሱ ይነበባል፤ «ድንጋይ ሰላም የምትለዋ ሴትዮ»።

«አክስቴ፣ ይሄንን እንኳ ምናለ ብትተዪው?»

ፖስታውን ከእጄ ተቀብላ ወደ ቦታው መለሰችው።

«ስምህ አለበት» አለችኝ።